ፈርሎ ላይ ሆኖ ሌላ ሥራ መሥራት፦ ደመወዝ ቢቆምም ቅጥሩ አልቆመም

የአሜሪካ ኮንግረስ በጀት በጊዜው ሳያጸድቅ ሲቀር የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች በከፊል ይዘጋሉ፤ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሠራተኛም ያለ ደመወዝ ቤቱ እንዲቀመጥ ይታዘዛል። ይህ የግዳጅ እረፍት ፈርሎ ይባላል። በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግና በቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ የሚኖረው አማርኛ ተናጋሪም ቃሉን እንዳለ ወስዶ ይጠቀምበታል፤ ነገሩ ደጋግሞ ደጁ ደርሷልና። በ2013 ለ16 ቀን፣ ከዲሴምበር 2018 እስከ ጃንዋሪ 2019 ለ35 ቀን፣ በ2025 ደግሞ ከኦክቶበር 1 ጀምሮ ለ43 ቀን መንግሥት ተዘግቷል (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። 43 ቀን ከስድስት ሳምንት ይበልጣል። የቤት ኪራይ፣ የመኪና ክፍያና የልጆች መዋያ ደግሞ ኮንግረስን አይጠብቁም።

ስለዚህ ብዙ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ እስከዚያ ድረስ ሌላ ቦታ ሠርቼ መብላት እችላለሁ? በአብዛኛው ይቻላል። ችግር የሚመጣው ሰዎች ፈርሎን ከሥራ እንደ መሰናበት ሲያዩት ነው። ፈርሎ ላይ ያለ ሰው አሁንም የፌዴራል መንግሥት ሠራተኛ ነው። ሕጉም፣ የሥነ ምግባር ደንቡም፣ ሲጠሩ የመመለስ ግዴታውም አብረውት ቤቱ ገብተዋል። ከዚህ በታች የሚነገረው ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ አንድ ነጥብ ነው።

በየትኛው ወገን ነዎት?

መንግሥት ሲዘጋ ሠራተኛው በሁለት ይከፈላል። አንደኛው ፈርሎ የወጣው ነው፤ መሥራት ተከልክሏል። ክልከላው የምር ነው፤ በነፃ ላግዝ ማለት እንኳ አይቻልም፣ ያለ በጀት የፈቃደኛ አገልግሎት መቀበልን የሚከለክል የቆየ ሕግ አለና። ሁለተኛው ሥራው የሰው ሕይወትና ንብረት ከመጠበቅ ጋር ስለተያያዘ ያለ ደመወዝ እንዲሠራ የታዘዘው ነው፤ የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎችና የኤርፖርት ፈታሾች እዚህ ውስጥ ናቸው። ይህኛው ሠራተኛ ሌላ ሥራ ሊይዝ የሚችለው ከመደበኛ ፈረቃው ውጪ ብቻ ነው።

በጀት ከመቋረጥ ጋር የማይገናኝ ሌላ ፈርሎም አለ። መሥሪያ ቤቱ ወጪ ለመቀነስ ሲል አስቀድሞ አቅዶ የሚያወጣው ነው፤ በ2013 የመከላከያ ሚኒስቴር ሲቪል ሠራተኞች ስድስት ቀን ያጡበት የዚህ ዓይነቱ ነበር። እዚህ ላይ የ30 ቀን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይሰጣል፣ ቀኖቹም አስቀድመው ይታወቃሉ። ስለዚህ ሌላ ሥራ ለማቀድ ይቀላል። ገንዘቡ ግን የቀረ ነው፣ በኋላ አይከፈልም። በበጀት መቋረጥ ምክንያት የሚወጣው ሰው ጉዳይ የተለየ ነው፤ በጃንዋሪ 2019 የወጣው ሕግ መንግሥት ሲከፈት ያለፈው ደመወዝ ሁሉ እንዲከፈል ያዛል። በኦክቶበር 2025 ይህ ሕግ በቀጥታ አያስከፍልም የሚል ክርክር ከኋይት ሐውስ በኩል ተነስቶ ነበር፤ በኖቬምበር 12 የተፈረመው ሕግ ግን ክፍያውን በግልጽ አረጋግጧል።

ውዝፉ ሲከፈል በሌላ ሥራ ያገኙት ገንዘብ አይቀነስበትም። ኡበር ነድተው 2,000 ዶላር ቢያገኙ የመንግሥት ውዝፍዎ ሙሉ ነው። የሥራ አጥ ክፍያ ግን እንዲህ አይደለም፤ ወደ እሱ እንመለሳለን።

የማይነኩ ሥራዎች

ሱፐርማርኬት ውስጥ ዕቃ መደርደር፣ ምግብ ማድረስ፣ ምግብ ቤት ማስተናገድ፣ ልጅ መጠበቅ፦ እነዚህ ከመንግሥት ሥራዎ ጋር ግንኙነት ስለሌላቸው አብዛኛውን ጊዜ ክልከላ የለባቸውም። ችግሩ የሚጀምረው ሌላው ሥራ ሙያዎን ሲመስል ነው። የሚያሳዝነው ደግሞ የተሻለ የሚከፍለውም ይኸው መሆኑ ነው።

ከመሥሪያ ቤትዎ ጋር ውል ያለው፣ ፈቃድ የሚጠይቅ ወይም ቁጥጥር የሚደረግበት ኩባንያ ዘንድ መግባት አደገኛ ነው። ሥራው ራሱ ባይከለከል እንኳ ሲመለሱ ያንን ኩባንያ የሚነካ ጉዳይ በእጅዎ መያዝ አይችሉም፤ በወንጀል ያስጠይቃል። ይህ ክልከላ የሚጀምረው ደመወዝ ሲቀበሉ ሳይሆን ስለ ቅጥር መነጋገር ሲጀምሩ እንደሆነ ብዙ ሰው አያውቅም። የቀጣሪው ጉዳይ የዋና ሥራዎ እምብርት ከሆነና ከእሱ ሲገለሉ የሚሠሩት ነገር የማይተርፍ ከሆነ፣ ሥራው ከመጀመሪያውም አይፈቀድም።

በእኛ ማኅበረሰብ ዘንድ በተለይ ሊታወቁ የሚገቡ ሁለት ክልከላዎች አሉ። አንደኛው ውክልና ነው። የፌዴራል ሠራተኛ ገንዘብ ተቀብሎ የሌላ ሰውን ጉዳይ ይዞ ፌዴራል መሥሪያ ቤት ፊት መቆም አይችልም። የኢሚግሬሽን ወረቀት የሚያስጨርስ ወይም የታክስ ጉዳይ የሚከራከር ቢሮ ውስጥ ለመሥራት ካሰቡ፣ ደንበኛውን ወክሎ ደብዳቤ መጻፍና ስልክ መደወል ራሱ ከዚህ ይቆጠራል። የታክስ መሥሪያ ቤቱ፣ ማለትም የአይአርኤስ ሠራተኛ ከሆኑ ደግሞ በክፍያ የሰው ታክስ መሙላትም የተከለከለ ነው። ሁለተኛው የውጭ መንግሥት ገንዘብ ነው። ኤምባሲ ውስጥ በአስተርጓሚነት ወይም በጸሐፊነት ለሳምንታት መሥራት ለሁለት ቋንቋ ተናጋሪ ቀላል እንጀራ ይመስላል። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ግን የመንግሥት ሹመት ወይም ኃላፊነት ያለበት ሰው ያለ ኮንግረስ ፈቃድ ከውጭ መንግሥት ክፍያ እንዳይቀበል ይከለክላል። ኤምባሲው የትውልድ አገርዎ መሆኑ ለውጥ የለውም። ንብረትነቱ የመንግሥት የሆነ የውጭ ድርጅት፣ አየር መንገድም ይሁን ዩኒቨርሲቲ፣ በዚሁ ዓይን ሊታይ ስለሚችል ሳይጠይቁ አይግቡበት። ሰኪዩሪቲ ክሊራንስ (የመንግሥትን ሚስጥራዊ መረጃ የማየት ፈቃድ) ያለው ሰው ከውጭ ድርጅት ጋር ያለውን ግንኙነት የማሳወቅ ግዴታም በፈርሎ ጊዜ አይቆምም።

ማስተማር፣ መናገርና መጻፍም ወሰን አላቸው። ስለ መሥሪያ ቤትዎ ሥራ ለማስተማር ገንዘብ መቀበል አይቻልም፤ ኮሌጅ ውስጥ መደበኛ የትምህርት ክፍለ ጊዜ መያዝ ግን በሁኔታዎች ይፈቀዳል። የቢሮውን ላፕቶፕ፣ ያልታተመ መረጃውንና የሥራ ማዕረግዎን ለሌላው ሥራ መጠቀም በማንኛውም ጊዜ ክልክል ነው። የፖለቲካ ዘመቻ ውስጥ ተቀጥረው ከሆነም የገንዘብ መዋጮ መጠየቅ አይችሉም።

ፈቃድ፦ ከማን፣ መቼ፣ በምን ቃል

አንዳንድ መሥሪያ ቤቶች ለሌላ ሥራ ቅድሚያ ፈቃድ አይጠይቁም። ሌሎች በጥብቅ ይጠይቃሉ። የገንዘብ ሚኒስቴር ሠራተኛ ከውጭ ሥራ በፊት በጽሑፍ ፈቃድ ማግኘት አለበት። በመከላከያ ሚኒስቴር ደግሞ የሀብት መግለጫ የሚሞሉ ሠራተኞች ከመሥሪያ ቤቱ ጋር ጉዳይ ያለው ቀጣሪ ዘንድ ለመግባት ፈቃድ ያስፈልጋቸዋል። የእርስዎን ደንብ ለማወቅ የመሥሪያ ቤቱ የሥነ ምግባር ጉዳይ ኃላፊ ዘንድ ይጠይቁ። ፈቃድ መስጠት የዚያ ቢሮ ወይም ደንቡ የሚጠቅሰው ባለሥልጣን ሥራ ስለሆነ፣ ቀጥተኛ አለቃዎ በቃል "ችግር የለውም" ቢልዎት ማስረጃ አይሆንዎትም።

ትልቁ ስሕተት የጊዜ ነው። መንግሥት ከተዘጋ በኋላ የሥነ ምግባር ኃላፊው ራሱ ፈርሎ ላይ ሊሆን ይችላል። በጀቱ የሚያልቅበት ቀን ከወራት በፊት የሚታወቅ በመሆኑ ጥያቄውን ሁለት ሦስት ሳምንት ቀደም አድርጎ ማስገባት ይሻላል። ማመልከቻው አጭር ይሁን፤ የቀጣሪውን ስምና የንግዱን ዓይነት፣ እርስዎ የሚሠሩትን፣ በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሆነ፣ መቼ እንደሚጀምርና የሚያበቃበትን፣ ቀጣሪው ከመሥሪያ ቤትዎ ጋር ጉዳይ እንዳለውና እንደሌለው፣ እንዲሁም ሲጠሩ ወዲያው እንደሚመለሱ ይግለጽ። ቅጂውን በግል ኢሜይልዎ ያስቀምጡ፣ የቢሮውን ኢሜይል መክፈት ላይችሉ ይችላሉና። ፈቃድ በሚጠይቅ መሥሪያ ቤት መልስ አለማግኘት እንደ ፈቃድ አይቆጠርም። መልሱ ካልመጣ ከሙያዎ ርቀው ቀለል ያለ ሥራ ይፈልጉ፤ እሱም ቢሆን ደንቡ በቅድሚያ እንዲፈቀድ የሚጠይቅ ከሆነ ይጠብቁ።

በአንድ ቀን የሚተው ሥራ

መንግሥት ሲከፈት ማስጠንቀቂያው የአንድ ሌሊት ነው። በ2025 ፕሬዚዳንቱ ሕጉን የፈረሙት ኖቬምበር 12 ማታ ነበር፤ ሠራተኛው በማግስቱ ኖቬምበር 13 እንዲገባ ተነገረው። ስለዚህ ሁለተኛውን ሥራ ሲመርጡ ከሰዓት ክፍያው በፊት "በአንድ ቀን ማስታወቂያ መልቀቅ እችላለሁ?" ብለው ይጠይቁ። ለሥልጠና ያወጣነውን ክፈል የሚል ውል፣ የሁለት ሳምንት ማስታወቂያ ያላቸው ፈረቃዎች፣ ለሦስት ወር የሚያስሩ ውሎች ለዚህ ጊዜ አይሆኑም። በጥሪው ቀን ሳይመጡ መቅረት ያለፈቃድ መቅረት ተብሎ ይመዘገባል፣ ወደ ቅጣትም ሊያመራ ይችላል። የተጀመረ ፈረቃ ለመጨረስ አንድ ቀን ቢያስፈልግዎ ለመመለሻው ቀን የዓመት ፈቃድ መጠየቅ ይቻላል፤ የሚፈቅደው ግን አለቃው ነው።

መኪና ነድተው ለመሥራት የሚያስቡ ሰዎች ሁለት ነገር ይረሳሉ። የጀርባ ታሪክ ማጣሪያውና የመኪናው ምርመራ ቀናት ይወስዳሉ፤ ፈርሎው ከተጀመረ በኋላ የሚያመለክት ሰው አንድ ሳምንት ሊያጣ ይችላል። ሁለተኛው ኢንሹራንስ ነው። መደበኛ የግል መኪና ኢንሹራንስ አፑ በርቶ መንገደኛ ሲጠብቁ የደረሰን አደጋ አብዛኛውን ጊዜ አይሸፍንም፤ የኩባንያው ሽፋንም መንገደኛ እስኪያገኙ ድረስ ያነሰ ነው። ኢንሹራንስ ኩባንያዎን ለእንዲህ ያለ ሥራ የሚጨመር ሽፋን እንዳለው ይጠይቁ፤ ከአንድ አደጋ ወጪ ጋር ሲነጻጸር ዋጋው ትንሽ ነው።

ያለ ደመወዝ እንዲሠሩ ለታዘዙት ከዚህ የሚከብደው ድካሙ ነው። በ2025 መዘጋት የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎች ከፈረቃ በኋላ ኡበርና ምግብ ማድረስ ላይ ተሰማርተው ነበር፤ የሰው እጥረቱ እየከፋ ሲሄድ በኖቬምበር በ40 ትላልቅ ኤርፖርቶች በረራ እንዲቀነስ ታዘዘ። በእንዲህ ያለ ሥራ ላይ ያለ ሰው ሌሊት ሠርቶ ጠዋት ፈረቃ መግባቱ ለእሱም፣ ለሚጠብቃቸው ሰዎችም አደጋ ነው። አቅምዎን ሰዓት ቆጥረው ይመጥኑ፤ በሁለቱ ሥራዎች መካከል ሰባት ሰዓት እንቅልፍ የማያስገባ ፈረቃ አይያዙ።

የሥራ አጥ ክፍያና ሁለተኛው ሥራ

ፈርሎ ላይ ያለ የፌዴራል ሠራተኛ የሥራ አጥ ክፍያ ማመልከት ይችላል። ማመልከቻው የሚገባው የሚኖሩበት ስቴት ሳይሆን የሥራ ቦታዎ በሰነድ የተመዘገበበት ስቴት ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ቤትዎ ሆኖ ዲሲ ውስጥ የሚሠሩ ከሆነ ዲሲ ላይ ያመለክታሉ፤ ብዙ ሰው ይህን ስቶ ሁለት ሳምንት ያጣል። ሰነዶቹ የፌዴራል የሥራ አጥ ማስታወቂያው ኤስኤፍ-8፣ የቅጥር ሁኔታዎን የሚያሳየው ኤስኤፍ-50 እና የቅርብ የደመወዝ መግለጫ ናቸው። መሥሪያ ቤቱ ተዘግቶ ከሆነ ኤስኤፍ-50ዎን ለማውጣት ይቸገራሉ፤ ከመዘጋቱ በፊት በግል ኮምፒውተርዎ ላይ ይቅዱት። ያለ ደመወዝ ሙሉ ሰዓት የሚሠሩት ግን በአብዛኛው አያገኙም፣ ሥራ ላይ ናቸውና።

ሁለተኛ ሥራ ከያዙ በየሳምንቱ በሚሞሉት ማረጋገጫ ላይ ገቢውን ይጻፉ። የሚጻፈው ታክስ ሳይቆረጥ ያለው ሙሉ ገንዘብ ነው፤ የሚጻፈውም ገንዘቡ በተከፈለበት ሳምንት ሳይሆን ሥራው በተሠራበት ሳምንት ነው። እዚህ ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው፤ ቼኩ ገና አልመጣም ብሎ ዜሮ ይጽፋል። ስቴቱ በኋላ ከቀጣሪው ጋር ሲያመሳክር እንደ ማጭበርበር ይቆጠራል፣ ቅጣትም አለው። ከተወሰነ መጠን በላይ ያለው ገቢ ከሳምንቱ ክፍያ ይቀነሳል፤ መጠኑ በየስቴቱ ይለያያል።

ከዚያም ውዝፉ ደመወዝ ሲመጣ የተቀበሉት የሥራ አጥ ክፍያ መመለስ አለበት፣ ለዚያው ሳምንት ሁለት ጊዜ ተከፍለዋልና። ስቴቱ በራሱ ጊዜ ደብዳቤ እስኪልክ አይጠብቁ። ክፍያው ሲሰጥዎት ታክስ ሊቆረጥበት እንደሚችልም አይርሱ፤ ሲመልሱ የሚጠየቁት ሙሉውን ነው። የሥራ አጥ ክፍያ ለፌዴራል ሠራተኛ በተግባር ብድር ነው። ሁለተኛው ሥራ ያስገኘው ገንዘብ ግን የእርስዎ ነው። ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ካለብዎት ሥራው ይሻላል የምንለው ለዚህ ነው።

ታክሱ ኋላ የሚያሳፍረው እንዴት ነው

አዲሱ ቀጣሪ ከደመወዝዎ የሚቆረጠው ታክስ የሚሰላበትን፣ ደብልዩ-4 የተባለውን ቅጽ ሲሰጥዎት ብዙ ሰው ስሙን ጽፎ ይፈርምና ይመልሰዋል። የሁለተኛ ሥራ ችግር ያለው እዚያ ነው። እያንዳንዱ ቀጣሪ ሌላ ገቢ እንደሌለዎት አድርጎ ስለሚያሰላ ሁለቱም ከታክስ ነፃ የሆነውን መጠን ይሰጡዎታል፣ የሚገባዎት ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

በቁጥር ስንመለከተው፣ በዓመት 85,000 ዶላር የሚያገኝ ያላገባ ሠራተኛ በ2025 የመጨረሻው ዶላሩ የሚታሰበው በ22 በመቶ ነው። ፈርሎ ላይ ሆኖ በሳምንት 600 ዶላር የሚከፍል ሥራ ቢይዝ፣ በትክክል የሚያስከፍለው የፌዴራል ታክስ በሳምንት 132 ዶላር ይሆናል። ቅጹ እንዲሁ ከተሞላ ግን የሚቆረጥበት ከ35 ዶላር በታች ነው። ልዩነቱ በሳምንት ወደ 100 ዶላር፣ በስድስት ሳምንት 600 ዶላር ይደርሳል፤ በኤፕሪል፣ የዓመቱ ታክስ ሲሞላ፣ በአንድ ጊዜ ይጠየቃል። መፍትሔው ቅጹ ላይ ሁለተኛውን ደረጃ ማየት ነው፤ ሁለት ሥራ ላለው ሰው የተዘጋጀውን ሣጥን በሁለቱም ሥራዎች ቅጽ ላይ ምልክት ያድርጉ፣ ወይም አራተኛው ደረጃ ላይ በየክፍያው የሚቆረጥ ተጨማሪ ገንዘብ፣ ለምሳሌ 100 ዶላር፣ ይጻፉ። ገንዘቡ አሁን የሚያስፈልግዎት ከሆነ ልዩነቱን ለብቻ ሳይነኩ ያስቀምጡ።

ሜሪላንድ ወይም ቨርጂኒያ የሚኖሩና ዲሲ ውስጥ ለአዲስ ቀጣሪ የሚሠሩ ከሆነ የዲሲ ነዋሪ አለመሆንዎን የሚያሳውቀውን ዲ-4ኤ የተባለውን ቅጽ ለቀጣሪው ያስገቡ፤ ዲሲ ነዋሪ ካልሆነ ሰው የደመወዝ ታክስ አይወስድም። ቅጹ ከሌለ ግን ሊቆረጥብዎት ይችላል፣ ለማስመለስም ተጨማሪ ወረቀት ይጠይቃል።

አፕ ላይ መንዳት ቅጥር ሳይሆን የራስ ንግድ ነው፣ ማንም ታክስ አይቆርጥልዎትም። ከወጪ ተቀንሶ 400 ዶላርና ከዚያ በላይ ካተረፉ የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር (የጡረታና የአረጋውያን ሕክምና) ድርሻ 15.3 በመቶ ይከፈላል፤ የሚሰላውም ከትርፉ 92.35 በመቶ ላይ ነው። በአራት ሳምንት 1,800 ዶላር ተቀብለው 1,400 ማይል ነድተዋል እንበል። በ2025 አንድ ማይል 70 ሳንቲም ይቀነሳል፣ ይኸውም 980 ዶላር ነው። የቀረው 820 ዶላር ይሆናል፤ ድርሻው ወደ 116 ዶላር ይመጣል፣ የገቢ ታክሱ ለብቻው ነው። ማይሉን በየቀኑ ያልመዘገበ ሰው ግን የ980 ዶላሩን ቅናሽ የሚያስረዳበት ማስረጃ የለውም። ቀን፣ መነሻና መድረሻ፣ የተነዳው ርቀት በኪሎሜትር ሳይሆን በማይል፣ ለምን እንደነዱ፦ ይህን ይመዝግቡ።

ኮንትራክተሮች፦ ሌላ ሕግ፣ ሌላ ጭንቀት

በፌዴራል ሕንፃዎች ጥበቃ፣ ጽዳትና ካፌ ውስጥ የሚሠራው ወገናችን ብዙ ጊዜ የመንግሥት ሳይሆን የኮንትራክተር ኩባንያ ሠራተኛ ነው። የመንግሥት ሠራተኛን የሚያስገድደው የሥነ ምግባር ደንብ እሱን አይነካውም። የ2019ኙ የውዝፍ ደመወዝ ሕግም አይመለከተውም፤ በ2018 እና 2019 መዘጋት ያጣው ደመወዝ አልተመለሰለትም። ስለዚህ ለእሱ ሁለተኛ ሥራ ይበልጥ አስፈላጊ ነው። የሥራ አጥ ክፍያውም ኩባንያው በኋላ ካልከፈለው በስተቀር ለመመለስ አይጠየቅበትም።

እሱን የሚያስጠነቅቀው የኩባንያው መመሪያ ነው። ሌላ ቦታ መሥራት የሚከለክል አንቀጽ ፈርመው ከሆነ የሚሠሩበትን ስቴት ሕግ ይመልከቱ። በዲሲ ከኦክቶበር 2022 ጀምሮ ተፈጻሚ የሆነው ሕግ በዓመት ከተወሰነ መጠን በታች ለሚያገኝ ሠራተኛ (ሲጀመር 150,000 ዶላር ነበር፣ በኋላ ግን በየዓመቱ ከፍ ይላል) እንዲህ ያለውን ክልከላ ውድቅ ያደርገዋል፤ ሚስጥር ማውጣትንና የጥቅም ግጭትን የሚመለከቱ ደንቦች ግን ይጸናሉ። በወር ደመወዝ የሚከፈል ኮንትራክተር ደግሞ ያለ ክፍያ እንዲቀመጥ በተነገረበት ሳምንት የሥራ ኢሜይል ከመመለስ ይጠንቀቅ፤ ሥራ ከሠራ ክፍያ ሊጠይቅ ይችላል፣ ኩባንያውም ሊቆጣ ይችላል።

ወረቀቱ ከአንድ ቀጣሪ ጋር የተያያዘ፣ ለምሳሌ ኤች-1ቢ ቪዛ ያለው ሰው ለሁለተኛ ቀጣሪ ሊሠራ የሚችለው ያ ቀጣሪ በራሱ ማመልከቻ ካስገባለት በኋላ ነው። የኡበር መንዳት እንኳ ቪዛውን ያበላሻል። የጥገኝነት ጉዳዩ የሚታይ ሰው የያዘው የሥራ ፈቃድ ግን ለማንኛውም ቀጣሪ የሚያገለግል ነው።

ሲመለሱ

በመጀመሪያው የሥራ ቀን ለሁለተኛው ቀጣሪ በጽሑፍ ያሳውቁ፤ የሥራ አጥ ማመልከቻውን ይዝጉ፤ ማታ ወይም ቅዳሜ መቀጠል ከፈለጉ ፈቃዱ ከፈርሎ ጊዜ በኋላም የሚያገለግል መሆኑን ያረጋግጡ፣ ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው ለተወሰነ ጊዜ ነውና። ውዝፉ ሲገባ የክፍያ መግለጫውን መስመር በመስመር ያንብቡ። የጤና ኢንሹራንሱ በፈርሎ ጊዜ አልተቋረጠም፤ ያልተከፈለው ድርሻዎ አሁን ተደራርቦ ይቆረጣል። በመካከሉ ከሁለተኛው ቀጣሪ ሌላ ኢንሹራንስ ገብተው ከሆነ ሁለት እየከፈሉ እንዳይቆዩ ወዲያው ይሰርዙት። ሁለተኛውን ሥራ ካልተዉት፣ ከውዝፉ ጋር ገቢዎ ስለሚያድግ፣ ቀድመው የሞሉትን የደብልዩ-4 ስሌት እንደገና ይሥሩት።